በጠጠርና በገረጋንቲ ጕድጓድ ስለሚጠራቀም ውኃ፥ ፀሐይ ለምትወስደውም ምትክ ስለ ማቆም

በጉና ተራራ ግርጌ፥ በገሳይና በአካባቢው ላለ ባላገር፥ የበጋ ኑሮው የተመሠረተው በምንጭ ነው። ጉና ከፍታው ከ4,000 ሜትር በላይ የሆነ፥ በጥንት ዘመን ከእሳተ ገሞራ የተሠራ ተራራ ሲሆን፥ የክረምቱን ዝናም በተሰነጣጠቀው ድንጋይ ውስጥ አከማችቶ በበጋ ቀስ በቀስ በምንጮቹ ይሰጣል። ርብና ጉማራም ከዚሁ ተራራ ተነሥተው፥ የፎገራን ሜዳ አጠጥተው ጣና ይገባሉ። እንግዲህ በተራራው እግር ወይም በወንዞቹ ዳር የሚደረግ ቍፋሮ ድንጋይና ጠጠር ብቻ ሳይሆን ውኃም የሚነካ ስለ ሆነ፥ የቍፋሮ ፈቃድ የሚሰጥ ሹምና መሬቱን ለቍፋሮ የሚለቅ ባለ ይዞታ ሁሉ ይህን ነገር አስቀድሞ ሊያስተውለው ይገባል።

ይህን ስንጽፍ ቍፋሮውን ለመንቀፍ አይደለም። መንገድ ያለ ገረጋንቲ፥ ቤትም ያለ ጠጠርና ያለ አሸዋ አይሠራም። ከወረታ በደብረ ታቦር አልፎ ወደ ወልድያ የሚሄደው መንገድ ባይኖር ኖሮ የገሳይ ድንች የት ድረስ ይደርስ እንደ ነበር ማንም ያውቀዋል። የምንናገረው ስለ ቍፋሮው ሳይሆን፥ ሥራው አልቆ መኪናው ከሄደ በኋላ ውኃ ሞልቶ ስለሚቀረው ጕድጓድ ነው።

በእንዲህ ያለ ጕድጓድ ምክንያት በሁለት ወገን ጠብ በተነሣ ጊዜ፥ ለዳኛ የሚቀርበው ነገር ብዙውን ጊዜ አንድ ዐይነት ነው። ከታች ያለው ባላገር «ምንጬን ቈረጡብኝ፤ በሚያዝያ ይወርድልኝ የነበረው ውኃ ዘንድሮ በመጋቢት ደረቀ» ይላል። የቈፈረው ወገን ደግሞ «እኔ የወሰድሁት ጠጠር ነው፤ ከውኃው አንድ ባልዲ ስንኳ አልቀዳሁም፤ ውኃውም ይኸው በጕድጓዱ ውስጥ ሞልቶ ይታያል» ብሎ ይመልሳል። ሁለቱም እውነት ይናገራሉ። ዳኛው ግን ውኃውን በዐይኑ ስለሚያየው ለባለ ጕድጓዱ መፍረድ ይቀናዋል። ስሕተቱም እዚህ ላይ ነው፤ ምክንያቱም ከቀዳጁ ሰው ሌላ፥ ባልዲ የማትይዝ ሌላ ቀዳጅ አለች፤ እርስዋም ፀሐይ ናት።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከመሬት በታች ያለ ውኃ በጠጠሩና በድንጋዩ ስንጥቅ መካከል ተደብቆ ሲሄድ፥ በላዩ ያለው አፈር እንደ ክዳን ስለሚሆነው ፀሐይም ነፋስም እምብዛም አይደርስበትም። መኪናው አፈሩን ገፍቶ ጠጠሩን ሲያወጣና ከውኃው ልክ በታች ሲወርድ ክዳኑ ተነሣ ማለት ነው። ከዚያ ቀን ጀምሮ የተገለጠው ውኃ በየቀኑ በትነት ይጐድላል፤ የጐደለውንም ለመሙላት በዙሪያው ካለው መሬት ውኃ ወደ ጕድጓዱ ይመጣል። ጕድጓዱ ሁልጊዜ አንድ ልክ መስሎ የሚታየው ውኃው ስላልጠፋ ሳይሆን፥ የጠፋው ሁሉ ከጎረቤት ምንጭና ከጎረቤት ጕድጓድ በስውር ስለሚተካ ነው። የሞላ ጕድጓድ አይቶ «ውኃ ተገኘ» ማለት፥ የሌላውን ጎተራ አፍስሶ በራሱ ጎተራ የሞላውን ሰው «ጥሩ አመረተ» እንደ ማለት ነው።

በትነት የሚሄደው ውኃ ትንሽ አይምሰለን። የጣና ሐይቅ ስፋቱ 3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ ከፊቱ በትነት የሚነሣው ውኃ በዓመት ከአንድ ሜትር ተኩል በላይ ጥልቀት አለው። ይህም ተባዝቶ ሲታይ፥ ሐይቁ በዓመት ለፀሐይ የሚሰጠው ውኃ በዓባይ በኩል ከሚያወጣው ውኃ ይበልጣል። ዓባይን የሚያህል ወንዝ በዐይናችን እያየነው ወደ ምዕራብ ሲሄድ፥ ከእርሱ የሚበልጥ ወንዝ ሳናየው ወደ ሰማይ ይወጣል ማለት ነው።

የትንሹንም ጕድጓድ ሒሳብ እንዲሁ እንመልከት። ለምሳሌ ርዝመቱ 80 ሜትር፥ ወርዱ 50 ሜትር የሆነ የገረጋንቲ ጕድጓድ ውኃ ሞልቶበት ቀርቷል እንበል። የውኃው ፊት 4,000 ካሬ ሜትር ነው። በበጋ ቀን በአገራችን ደጋና ወይና ደጋ ከተገለጠ ውኃ ላይ ከ4 እስከ 6 ሚሊሜትር ይተናል፤ በደብረ ታቦር ከፍታ ከብርዱ የተነሣ ያንሳል፥ በፎገራ ሜዳ ይበዛል። መካከለኛውን 5 ሚሊሜትር ብንወስድ፥ ይህ ጕድጓድ በቀን 20 ሜትር ኩብ ውኃ ያጠፋል። 20 ሜትር ኩብ ማለት 20,000 ሊትር፥ ወይም 20 ሊትር በምትይዘው ጀሪካን 1,000 ጀሪካን ነው። በገጠር ለአንድ ሰው በቀን 25 ሊትር ይድረሰው በተባለው የመንግሥት ልክ ብንመድበው ለ800 ሰው ይበቃል። ከኅዳር መጀመሪያ እስከ ግንቦት መጨረሻ ባለው 210 ቀን ደግሞ 4,200 ሜትር ኩብ ይሆናል። ስፋቱ ከአንድ ጥማድ ተኩል ጥቂት የሚበልጥ ይህ ጕድጓድ የሚጠጣው ውኃ፥ ያንኑ በሚያህል መሬት ላይ በመስኖ የተተከለ ሽንኩርት ከሚጠጣው ጋር ይቀራረባል። ልዩነቱ ከጕድጓዱ ሽንኩርት አለመገኘቱ ነው።

በዚህ ላይ አንድ ጊዜ ብቻ የሚከፈል ሌላ ዕዳ አለ። ጕድጓዱ ከውኃው ልክ በታች 3 ሜትር ቢወርድ፥ ባዶ የሆነው ስፍራ 12,000 ሜትር ኩብ ነው። ጠጠሩ በነበረበት ጊዜ በመካከሉ ሩቡን ያህል ውኃ ይዞ ነበር ብንል፥ የቀረው 9,000 ሜትር ኩብ አዲስ ሆኖ ከዙሪያው መምጣት አለበት። ይህ በነሐሴ ቢሆን ማንም አይጐዳም። መኪናው ግን የሚቈፍረው መሬቱ በሚደርቅበት በጥርና በየካቲት ስለ ሆነ፥ ጕድጓዱ የሚሞላው ምንጩ እጅግ በሚያስፈልግበት ጊዜ ነው። ቈፋሪው ሥራው እንዳይደናቀፍ ውኃውን በሞተር እየሳበ ወደ ፈሰስ የሚጥለው እንደ ሆነ ደግሞ ጉዳቱ ይብሳል፤ የተሳበውም ውኃ ከተጠቃሚዎቹ በታች ከተጣለ ለእነርሱ እንደ ጠፋ ይቈጠራል።

እዚህ ላይ አስተዋይ ሰው «ዝናሙስ? በደብረ ታቦር አውራጃ የሚዘንበው የዓመት ዝናም በትነት ከሚጠፋው የሚያንስ አይደለም፤ በጕድጓዱም ላይ ይዘንባል፤ ስለዚህ ዕዳው በየዓመቱ ይከፈላል» ብሎ ሊከራከር ይችላል። የዓመቱን ድምር ብቻ ለሚያይ ሰው እውነት ነው። ነገር ግን ዝናሙ የሚከፍለው በሐምሌና በነሐሴ፥ ርብና ጉማራ ፎገራን በሚያጥለቀልቁበት፥ ውኃ የሚሻ ሰው በሌለበት ጊዜ ነው። ዕዳው የተገባው በመጋቢትና በሚያዝያ ነው። በክረምት እህል አልቆበት ለተራበ ቤት «በታኅሣሥ እመልስልሃለሁ» ማለት ምን ይጠቅመዋል? የውኃም ምትክ በልኩ ብቻ ሳይሆን በጊዜውና በስፍራው ካልሆነ ምትክ አይባልም።

ሁሉም ጕድጓድ ግን አንድ አይደለም፤ ሹሙም ይህን ሳይለይ ቢቀጣ ይሳሳታል። በቀይ ወይም በጥቁር ሸክላ አፈር ላይ የተቈፈረ፥ የክረምት ጎርፍ ብቻ የሚያቍር፥ በጥር የሚጐድል፥ በመጋቢትም የሚደርቅ ጕድጓድ ከማንም ምንጭ አይወስድም፤ እንዲያውም ለከብት መጠጫ ስለሚሆን ጥቅም ነው። የሚያሠጋው፥ ዝናም ካቆመ ወራት ካለፈ በኋላም ልኩን ይዞ የሚቆየው ነው። መለየቱም አያስቸግርም። በኅዳር መጀመሪያ ቁጥር የተጻፈበት እንጨት በጕድጓዱ ውስጥ ይተከል፤ በቅርብ ያለው የሰው ውኃ ጕድጓድም ልክ በገመድ ይለካ፤ በየሳምንቱም ሁለቱ በአንድ መዝገብ ይጻፉ። በጠጠር ጕድጓዱ ያለው ውኃ በትነት ይጐድላል ከምንለው እጅግ ያነሰ ብቻ የሚጐድል ከሆነ፥ ወይም ከጎረቤቱ ጕድጓድ ጋር እኩል የሚወርድ ከሆነ፥ ከመሬት ውኃ ጋር የተገናኘ መሆኑ ታወቀ።

ትነቱንም በገዛ እጅ መለካት ይቻላል። በዓለም የተለመደው መለኪያ ወርዱ 120 ሴንቲ ሜትር፥ ጥልቀቱ 25 ሴንቲ ሜትር የሆነ ክብ የብረት ሳሕን ነው። ይህ ባይገኝ በወገቡ የተቈረጠ በርሜል በጕድጓዱ አጠገብ በግልጥ ስፍራ አኑሮ፥ ከብትና ወፍ እንዳይጠጣው በእሾህና በወንፊት አጥሮ፥ በየጧቱ ምን ያህል እንደ ጐደለ በማስመሪያ መለካት ለግምት ያህል ይበቃል። ብረቱ በፀሐይ ስለሚሞቅ ከሳሕኑ የሚጐድለው ከሰፊው ውኃ ይበዛል፤ ስለዚህ የተገኘውን በ0.7 ማባዛት የተለመደ ነው። ሳሕኑ በቀን 7 ሚሊሜትር ከጐደለ ጕድጓዱ 5 ሚሊሜትር ያህል ጐደለ ማለት ነው። በርሜል ከሳሕኑ ይልቅ ስለሚጠብና ስለሚሞቅ ግምቱን ጥቂት እንዳያበዛው መጠንቀቅ ያሻል። አንድ የልማት ሠራተኛና አንድ የትምህርት ቤት መምህር ከተማሪዎቹ ጋር ይህን ሥራ ሊይዙት ይችላሉ፤ ለወረዳው የሚያስወጣው ገንዘብ የበርሜሉ ዋጋ ነው።

ይህ ነገር በሌላ አገር በፍርድ ቤት ታይቶ ያለቀ ነው። በአሜሪካ በኮሎራዶ ግዛት፥ በሳውዝ ፕላት ወንዝና በገባሮቹ ዳር፥ ለመንገድና ለቤት ሥራ ጠጠር የወጣባቸው ጕድጓዶች ውኃ ሞልተው ብዙ ኩሬዎች ሆነው ነበር። በዚያ አገር ውኃ የሚከፈለው በቀደምትነት ነው፤ አስቀድሞ ለጥቅም ያዋለ አስቀድሞ ይወስዳል፥ ኋላ የመጣ የቀደመውን መጕዳት አይችልም። የካሽ ላ ፑድር ወንዝ ውኃ ተጠቃሚዎች ማኅበርም በኩሬዎቹ ምክንያት ተከራክሮ፥ እንደ ፈረንጆች አቈጣጠር በ1988 የግዛቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት፥ ጠጠር ሲወጣ የከርሰ ምድር ውኃ የተገለጠበት ስፍራ በሕግ ፊት እንደ ውኃ ጕድጓድ ይቈጠራል ብሎ ፈረደ። በሚቀጥለው ዓመት የወጣው ሕግም ባለ ጠጠሩ ፈቃድ እንዲያወጣ፥ በትነት ለሚጠፋውም ውኃ ምትክ የሚሰጥበትን ዕቅድ እንዲያቀርብ አዘዘ። ከ1980 መጨረሻ በፊት ውኃቸው የተገለጠውን አሮጌ ጕድጓዶች ግን ከምትክ ዕዳ ነፃ አደረጋቸው። በእኛ አስተያየት የዚህ ሕግ ብልኀት በዚህ ላይ ነው፤ ያለፈውን ለመክሰስ ዘመኑን አልጨረሰም፥ ለወደፊቱ ግን በር ዘጋ።

የኛ ሕግ የጠጠር ጕድጓድን ስም ጠርቶ ትነቱን ባይቈጥርም፥ መሠረቱን ጥሏል። ቀድሞ በ1952 ዓ. ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ከሚያልፍ ውኃ ስለ መጠቀም ሲደነግግ ባለ መሬቱ ለመስኖ ሲወስድ ለመጠጥና ለከብት የሚጠቀሙትን እንዳይጐዳ ገድቦት ነበር። የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ. ም. የገጠር መሬት የሕዝብ ሀብት ከሆነ ወዲህ የርስትና የጉልት ባለቤትነት ቀርቷል፤ «መሬቱ የእኔ ስለ ሆነ በሥሩ ያለው ውኃም የእኔ ነው» የሚል ክርክርም አብሮ ቀርቷል። በ1992 ዓ. ም. የወጣው የውኃ ሀብት አስተዳደር ዐዋጅ ቁጥር 197 በምድር ላይም በምድር ውስጥም ያለው ውኃ የኢትዮጵያ ሕዝቦችና የመንግሥት የጋራ ሀብት መሆኑን፥ ለቤት አገልግሎት የሚውለውም ውኃ ከሌላው ሁሉ እንደሚቀድም ተናግሯል። በእጅ የተቈፈረን የውኃ ጕድጓድ፥ ባህላዊ መስኖን፥ ባህላዊ የማዕድን ሥራንና የውኃ ወፍጮን ከፈቃድ ነፃ ሲያደርግ፥ በመኪና ተቈፍሮ ሐይቅ የሚያህል ውኃ የሚገልጥ ሥራ ከነዚህ ጋር ይቈጠራል ብሎ መተርጐም ለእኛ አይታየንም። በ1995 ዓ. ም. የወጣው የአካባቢ ተጽዕኖ ግምገማ ዐዋጅ ቁጥር 299 እና በ2002 ዓ. ም. የወጣው የማዕድን ሥራዎች ዐዋጅ ቁጥር 678 ደግሞ ለሹሙ መጠየቂያ በር ይከፍቱለታል። ገረጋንቲ የሚወሰድበት ባለ ይዞታ ለሰብሉና ለዛፉ ካሣ ሲገመትለት፥ ከታች ያለው ጎረቤት በግምቱ መዝገብ ላይ ስሙ የለም። ይህን ስም የሚያስገባው የወረዳው ሹም ነው፤ ጊዜውም ፈቃዱ ሳይፈረም ነው።

እንግዲህ ምን ይደረግ? ከሁሉ የሚሻለው ውኃውን አለመግለጥ ነው። የውኃው ልክ በክረምት መጨረሻ፥ በመስከረም፥ እስከ ምን ድረስ እንደሚወጣ በሙከራ ጕድጓድ ተለክቶ፥ ከዚያ በላይ ቢያንስ አንድ ሜትር ጠጠር ሳይነካ እንዲቀር በፈቃዱ ላይ ቢጻፍ ክርክሩ ከመነሻው ይጠፋል። ይህ ካልተቻለ፥ መጀመሪያ የተገፈፈው አፈር እንዳይሸጥና እንዳይበተን ለብቻው ተከምሮ፥ ጕድጓዱ ሲያልቅ ተመልሶ ይሙላበት፤ የላይኛው ለም አፈር ከላይ ይሁን። ተቋራጩ ገንዘቡን ሁሉ ተቀብሎ ከሄደ በኋላ ጕድጓድ ሙላ ብሎ መፈለግ ከንቱ ድካም ስለ ሆነ፥ የመሙያው ዋጋ አስቀድሞ በመያዣ ይቀመጥ። በሸክላ ሲሞላ ግን አንድ ጥንቃቄ አለ፤ ጠባቡን ሸለቆ ከዳር እስከ ዳር በሸክላ መዝጋት የመሬት ውስጡን ውኃ እንደ ግድብ ሊያቆመው ስለሚችል፥ ከግርጌው ሻካራ ድንጋይ እየተደረገ መተላለፊያ ይተውለት።

ሕዝቡ ኩሬው እንዲቀር የሚወድ ከሆነ፥ ያን ጊዜ ምትክ ያስፈልጋል። አንዱ መንገድ ከላይ ባለው ተዳፋት እርከንና ክትር ሠርቶ የክረምቱ ጎርፍ ወደ መሬት እንዲሰርግ ማድረግ ነው። ነገር ግን የተሠራው ሁሉ ምትክ ነው ተብሎ እንዳይጻፍ፤ ምንጩ በሚያዝያ ሲለካ ካልጨመረ ሥራው ለአፈሩ ጠቅሞ ይሆናል እንጂ የውኃውን ዕዳ አልከፈለም። ሁለተኛው፥ ጎኑና ወለሉ በተጠቀጠቀ ሸክላ ተደፍኖ ከመሬት ውኃ የተለየ ኩሬ አድርጎ፥ በክረምት ጎርፍ ሞልቶ በበጋ መጠቀም ነው። ሦስተኛው፥ ከኩሬው የሚጠቀመው ወገን በበጋ የሚያጠጣውን የመስኖ መሬት በዚያው ልክ ቀንሶ ውኃውን ለታችኞቹ መልቀቅ ነው፤ ባለፈው ምሳሌ ያየነው ጕድጓድ ከአንድ ጥማድ ተኩል በላይ ሽንኩርት ያስተዋል። ይህን የሚቀበል ሰው ጥቂት እንደ ሆነ እናውቃለን፤ ይሁን እንጂ ሒሳቡ በፊቱ ሲቀመጥ ብዙ ሰው ጕድጓዱን መሙላት ይመርጣልና መናገሩ አይከፋም።

ምትኩም የሚለካው በጕድጓዱ አፍ ሳይሆን በተጐጂው ምንጭ ነው። በመሬት ውስጥ የሚሄድ ውኃ ዝግተኛ ነው። ወንዝ አጠገብ የተገለጠ ጕድጓድ ጉዳቱ በቀናት ይታያል፤ ራቅ ያለው ግን ዛሬ የወሰደው ከወራት በኋላ፥ አንዳንድ ጊዜም በሚቀጥለው በጋ ይታወቃል። ዳኛው «አምና ተቈፈረ፥ ምንጩ የደረቀው ዘንድሮ ነው፤ ስለዚህ አይገናኝም» ብሎ ክሱን ከመዝጋቱ በፊት ይህን ያስታውስ። ለክፍፍሉ ጊዜ ደግሞ በየመንደሩ ያሉት የውኃ አባቶች ከማንም ይበልጥ ያውቃሉ፤ በየትኛው ሳምንት ምንጩ ምን ያህል እርሻ ያጠጣ እንደ ነበር በቃላቸው ይዘውታልና ምስክርነታቸው ይጻፍ። የመስኖ ውኃ ተጠቃሚዎች ማኅበራትም በዐዋጅ ቁጥር 841/2006 ሕጋዊ ሰውነት የሚያገኙበት መንገድ ስላለ፥ ማኅበር ያለበት ቀበሌ በማኅበሩ ስም ቢቀርብ ይቀለዋል።

አንዳንድ ሰው «በውኃው ላይ ጥላ የሚሆን አረም ቢበቅልበት ትነቱ ይቀንሳል» ሲል ይሰማል። ከ2004 ዓ. ም. ወዲህ ጣናን ያስጨነቀው እንቦጭ ግን ጥላ አይደለም፤ በቅጠሉ አድርጎ ከተገለጠው ውኃ የሚበልጥ ያስተናል። አረሙ ወደ ኩሬ እንዳይገባ መጠበቅ እንጂ መትከል አይገባም። በሎስ አንጀለስ ከተማ እንደ ፈረንጆች አቈጣጠር በ2015 በአንድ የመጠጥ ውኃ ማጠራቀሚያ ላይ 96 ሚሊዮን ጥቁር የፕላስቲክ ኳስ ዘርግተው ነበር፤ ይህ ለባለጠጋ ከተማ ይሆናል፥ ለገሳይ አይሆንም። ነፋስ በሚመጣበት በኩል ዛፍ መትከል ይጠቅማል፤ ባሕር ዛፍ ግን ራሱ ከመሬት ውኃውን ስለሚስብ ለዚህ ሥራ አይመረጥም።

«አንድ ጕድጓድ ምን ያህል ይጐዳል?» የሚል ቢኖር ወደ ጣና ይመልከት። በ1995 ዓ. ም. ድርቅ ሆኖ ሳለ በጨረጨራ በኩል ለኤሌክትሪክ የሚለቀቀው ውኃ ስላልተቀነሰ ሐይቁ ወርዶ ለአራት ወር ያህል መርከብ መሄድ አልቻለም ነበር። ያን የሚያህል ሐይቅ ሒሳቡ ሲሳሳት እንዲህ ከሆነ፥ በሴኮንድ ግማሽ ሊትር የምትሰጥ የመንደር ምንጭ ምን ልትችል? ግማሽ ሊትር በሴኮንድ በቀን 43 ሜትር ኩብ ነው፤ በምሳሌ ያየነው ጕድጓድ ብቻውን ግማሹን ሊወስድ ጥቂት ይቀረዋል።

አሮጌ ጕድጓዶችን በሚመለከት፥ ቈፋሪያቸው የማይገኝ ስለ ሆኑ ክስ ከመፈለግ ይልቅ ወረዳው ቈጥሮ ይመዝግባቸው። በመዝገቡ ላይ ስፍራቸው፥ ርዝመትና ወርዳቸው፥ በኅዳርና በሚያዝያ የውኃቸው ልክ፥ ከበታቻቸው ያሉት ምንጮችና ቤቶች ቍጥር ይጻፍ። ከዚያም ብዙ ሰው ከሚጠጣበት ምንጭ በላይ ያለው ይቅደምና ይሞላ። የማይሞላው ሕፃናት የሚሰጥሙበት፥ በቆላማው በፎገራ በኩልም የወባ ትንኝ የሚፈለፈልበት ስለሚሆን፥ ዳሩ በእርከን ተስተካክሎ ይታጠር፤ ከብት የሚጠጣበት አንድ በር ብቻ ይተውለት። የመጀመሪያው ልኬት ከኅዳር 15 ቀን ሳያልፍ ቢደረግ፥ የሚያዝያው ልኬት ከእርሱ ጋር ተመዛዝኖ በግንቦት ለወረዳው ምክር ቤት ሊቀርብ ይችላል።